እቴጌ በሯን አትከፍትም

ሔመን ምሳዋን ለሰው አካፍላ አታውቅም። ስስታም ናት፣ ይህን ራሷም አትክድም፤ ግን ነገሩ ስስት ብቻ አልነበረም። በጽኑ ዘብ የጥሬ ገንዘብ ማጓጓዣ ድርጅት አንዱ ጥበቃ ለሌላው ምግብ ቢሰጥ ደንቡ አይከለክልም፤ እቴጌ ግን ትመዘግባለች። እቴጌ አንዴ የመዘገበችውን የሚሰርዝ ደግሞ ገና አልተወለደም። ስለዚህ የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ምሳ ዕቃዋን በብረቱ ግድግዳ መሃል ባለችው ጠባብ መስኮት ስታሾልክለት፣ ናሆም ተቀብሎ አገላበጠውና ሳቀ።

«ምነው፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለህ ብላ። ባዶ ሆድህን አትዋል።»

«ልታደልቢኝ ነዋ! ለማን ልትሸጪኝ ነው?»

ሔመን ደነገጠች። እቴጌ ውስጥ ተቀምጦ «መሸጥ» የሚል ቃል አይወራም። ናሆም ግን ሰውዬው እንዲህ ነው፤ አፉ ፍሬን የለውም። እንጀራውን እየጠቀለለ፣ ያቺኑ አንድ ዘፈን እያንጎራጎረ፣ ከፊት ባለው መስታወት የደሴን ቁልቁለት ያያል። እሷ ጀርባውን እያየች እንባዋን ዋጠች።

እቴጌ ብረት ለበሷ መኪና ናት። ስሙን ያወጡላት ጥበቃዎቹ ናቸው፤ ድርጅቱ የሚጠራት በቁጥር ነው። ሹፌር የላትም። መንገዷን ራሷ ትመርጣለች፤ ትናንት የሄደችበትን ዛሬ አትደግምም፣ ወዴት እንደምትሄድም ለማንም አትናገርም። ከኋላ፣ ሆዷ በሚባለው ክፍል፣ አንድ ጥበቃ ከገንዘቡ ጋር ይቆለፍበታል። ከፊት የተቀመጠው ከረጢቱን ይዞ ይወርዳል፣ ያስረክባል፣ ይመለሳል። ሲመለስ እቴጌ በለበሰው ሰደሪያ በኩል የልቡን ምት ታዳምጣለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ ፊቱን ታያለች፤ ሁሉም ከተስማማት ትከፍታለች። ጠመንጃውም ቢሆን የእሷ ነው ማለት ይቻላል። እሷ ካልፈቀደች ምላጩ አይሳብም፤ ስትፈቅድ አፈሙዙ ሥር ያለችው አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ጥበቃዎቹ ከሌባ ይልቅ እሷን ይፈራሉ፣ አይፈረድባቸውም። አለቆቹ በየስብሰባው እንደሚሉት በዚህ ሥራ የሚያሰጋው ሌባ የውስጡ ነው።

ሔመንም የደበቀችው ነገር ነበራት።

የዚያን ዕለት ገና ሳይነጋጋ በሯ ተንኳኳና ስትከፍት ጋሽ ሙባረክን አገኘቻቸው። ጋሽ ሙባረክ የሰፈሩ ቅሬ ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰው ሲሞት ቀብሩንም ልቅሶውንም የሚያስተባብረው ቅሬው ነው፣ ሔመንም ናሆምም አባል ናቸው። ሽማግሌው አልገቡም። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የናሆም እናት ማታ አርፈዋል» አሏት። «ወረኢሉ። እሱ አልሰማም። ዛሬ ከሥራ ማስቀረት አልቻልንም፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ አንቺ ጋ ነው። እህል ይቅመስ፤ ፊትሽን ደግሞ አደራ።»

መርዶ እንዲህ ነው። ሰው የእናቱን ሞት በቤቱ ነው የሚሰማው፣ በጠዋት፣ ከሆዱ እህል ሳይጠፋ፣ የሚወዱት ሰዎች ዙሪያውን ከበው፣ ራሱን መሬት ላይ ሲጥል የሚይዙት ክንዶች ተዘጋጅተው። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ይደብቃል፤ መደበቁ ነው ወግ የሚባለው። ሔመን ስልኳን እንደ ሁልጊዜው ዴፖው በር ላይ አስረከበች፣ ናሆምም አስረከበ፣ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ከስልክ ወሬ ድኗል። አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ ነገ ናሆም በሌላ ሰው እንዲተካ ለተቆጣጣሪዎቹ አመለከተች። ምክንያቱን «የግል ጉዳይ» አለች እንጂ አልጻፈችም። እቴጌ ስለ ሠራተኛው የተጻፈውን ሁሉ ለሠራተኛው ጮክ ብላ ታነብለታለችና። ድርጅቱ ይህን ግልጽነት ይለዋል።

ከሰዓት በፊት እቴጌ ወደ ሰኞ ገበያ ማዶ ታጠፈች። ሔመን በመተንፈሻው ክፍተት ሽታውን ለየችው፤ የወረቀት ሰፈር ነው።

የስልክ ሒሳባቸው የተዘጋባቸው ሰዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዱ በሹም ላይ ተናግሮ ነው የተዘጋበት፣ አንዷ ዋስ ሆና ነው፣ አብዛኛው ግን ለምን እንደተዘጋበት እስከ ዛሬ አያውቅም። ስልኩ የተዘጋ ሰው ዳቦ መግዛት፣ አውቶቡስ መሳፈር፣ ሐኪም ቤት መግባት አይችልም፤ የቀረው የወረቀት ብር ነው፣ ወረቀቱን ደግሞ እቴጌ ናት የምታመጣው። ባመጣችው ቁጥር ካለፈው ያንሳል። ሰዉ ከላይ የሚቀንስ አለ ብሎ አያስብም፤ መንገድ ላይ ጥበቃዎቹ ይበሉታል ይላል። ለምን እንደዚያ አያስብ? ከላይ ያለውን አይቶት አያውቅም፤ የሚያየው የናሆምን ሰደሪያና ጠመንጃ ነው። ሰላምታ እንኳ አይመልሱለትም ጥበቃዎቹ፤ ሰላምታ መመለስ ክልክል ነው፣ የገዛ አክስትህም ብትሆን። ሰላምታ የማይመልስን ሰው መጥላት ቀላል ነው።

ናሆም ከረጢቱን አንስቶ ወረደ። ሔመን ከእቴጌ ሆድ ሆና በትንሿ ስክሪን ተከተለችው። እንደ ወትሮው በሰዉ መሃል ሰንጥቆ ሄደ፤ እንደ ወትሮው ተሰደበ። አንዲት ቢጫ ሻርፕ ያሰረች ጠንካራ ሴት ከፊቱ ቆማ፣ «አንተ ጅብ! ልጆቻችንን በልተህ አልጠገብክም?» አለችው። መዲና ትባላለች፤ እያንዳንዱ ጥበቃ ያውቃታል፣ ምራቋ ያልደረሰበት የለም። ናሆም ዝም ብሎ አለፋት፣ ከረጢቱን የወረቀት ብር በሚከፈልበት መስኮት አስረከበ፣ ተመልሶ መጣና በሩ ፊት ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ። የቀኑን የይለፍ ቃል ተናገረ።

እቴጌ አልከፈተችም።

«በሠራተኞች መካከል የተደበቀ ጉዳይ ተገኝቷል» አለች፣ በዚያ ለሁሉ ነገር አንድ በሆነ ድምፅዋ፣ ለሔመን ብቻ። በናሆም ጠመንጃ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ጠፋች።

ወዲያው የሰው ድምፅ ገባ። ኬብሮን ይባላል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ እቴጌንና እህቶቿን የሚቆጣጠር ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፣ ቁጣ የሚባል አያውቅም፣ ሔመን አንዴም አይታው አታውቅም።

«ወይዘሮ ሔመን፣ ዛሬ ለባልደረባዎ ምግብ ሰጥተዋል። ከዚህ በፊት ሰጥተው አያውቁም። ዓይኑን ሸሽተዋል። ነገ እንዲቀየር ጠይቀው ምክንያት አልሰጡም። ‹ለማን ልትሸጪኝ ነው› ብሎዎታል። ሲመለስ የእርስዎ ልብ ከእሱ ልብ በላይ ይመታል። በሁለታችሁ መሃል ያለውን ጉዳይ ይግለጹልኝ።»

«እናቱ ሞተው ነው!» አለች ሔመን። «ማታ ሞቱ። እሱ አላወቀም። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች ያረዱታል። ይኸው ነው! ክፈቱለት!»



«እናቱ ከሞቱ ለምን አልነገሩትም?»

«እንዴት ነው የምነግረው? መርዶ ነዋ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ኬብሮን፤ ከልቡ ነበር ይቅርታ የጠየቀው። «እኔ አባቴ የሞቱ ጊዜ መልእክት ደርሶኝ ነው ያወቅኩት። ሞትን እስከ ነገ መደበቅ የሚባል ምክንያት እቴጌ ውስጥ የለም። እርስዎ እውነት ቢናገሩም እሷ የምታየው ሁለት ጥበቃዎች አንድ ነገር ሲደብቁ ነው።»

ውጪ ሰዉ ነገሩን ማየት ጀመረ። ጥበቃ በሩ ፊት እንደዚህ ቆሞ አያውቅም። መጀመሪያ ሳቁ። «እቴጌም ተጸየፈችህ!» አለ አንዱ። ከዚያ መሃላቸው ያለ አንድ ጎረምሳ ጠመንጃው ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ «መብራቱ ጠፍቷል! ኧረ ጠፍቷል!» ሳቁ ቆመ። ሔመን ይሄን ዓይነት ዝምታ ታውቀዋለች፣ ባለፈው ክረምት አንድ ባልደረባዋ በዚህ ዓይነት ዝምታ መሃል ቀርቶ አልተመለሰም። ሰዉ አንድ እርምጃ ቀረበ። መዲና ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች።

«ሔመን!» አለ ናሆም፣ በሩን በመዳፉ እየመታ። «ምን ሆናለች ይቺ? ክፈቺ እንጂ!»

«ኬብሮን፣ ይገድሉታል» አለች ሔመን።

«መንገድ አለ። አሁን ይንገሩት፣ በድምፅ ማጉያው። ካላወቀ ልቡ ያሳያል። ያላወቀ ሰው አላሴረም። ጥርጣሬው በዚያው ይነሳል።»

«መንገድ ላይ? በእነዚህ መሃል?»

«ካልሆነ ደንቡ ትቶት መሄድ ነው። እቴጌ ልትንቀሳቀስ ነው፣ ወይዘሮ ሔመን። እኔ አይደለሁም የምወስነው።»

የመጀመሪያው ድንጋይ የናሆምን ትከሻ አገኘው። ሁለተኛው የራስ ቁሩ ላይ ጮኸ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የማይተኮስ ጠመንጃውን ደቅኖ ቆመ፤ አፉ ግን አሁንም ይቀልዳል፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ተራ በተራ!» ይላል። ሔመን የማጉያውን ቁልፍ ተጫነች። ለራሷ ያን ጊዜ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ይግባና እዚሁ ሆዷ ውስጥ አቅፌው ያለቅስ።

«ናሆም፣ ስማኝ። እማማ ማስተዋል…» አለች፤ ድምፅዋ መንገዱን ሞላው። «እማማ ማስተዋል ትንሽ አሟቸው…»

«መልሱ አልተሟላም» አለች እቴጌ ጆሮዋ ላይ።

«እናትህ አርፈዋል፣ ናሆም። ማታ አርፈዋል።»

ናሆም ዞር አለ፣ ካሜራዋን ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የቀረችው የቀልድ ርዝራዥ የምትሄድበት ጠፍቷት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ጠመንጃውን ለቀቀው። የራስ ቁሩን አወለቀና፣ ወንድ ልጅ ለእናቱ ብቻ በሚያወጣው ድምፅ፣ «እማዬ!» ብሎ ራሱን በእቴጌ ብረት ላይ መታው። ደግሞ መታው።

«ጥርጣሬው ተነስቷል» አለ ኬብሮን። «እናመሰግናለን።»

«በሩ! በሩን ክፈቱለታ!»

«የልብ ምቱ እጅግ ከፍ ብሏል። እንደዚህ ላለ ሰው አትከፍትም፤ ማን ምን እያስገደደው እንደሆነ አይታወቅምና። ሲረጋጋ ትከፍታለች።»

«እናቱ ሞተው እኮ ነው!»

«ይረጋጋል። ሁሉም ይረጋጋል።»

ሔመን በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልታ አታውቅም፤ የምትጠላው ሰው ግን አዲስ አበባ ነበር፣ ትሑትም ነበር። በስክሪኑ ላይ የናሆም ግንባር ደምቶ ብረቱን ሲያቀላው አየች። ሰዉ ሮጦ ወደ እሱ ሲመጣም አየች፤ በቃ፣ አለቀለት አለች።

ቀድማ የደረሰችው መዲና ናት። ድንጋዩን የት እንደጣለችው ራሷም አታውቅም፤ ናሆምን ከኋላ ወገቡን ይዛ ከብረቱ አላቀቀችው። «ያዙት! ራሱን ያጠፋል፣ ያዙት እንጂ እናንተ!» አለች። ሁለት ወንዶች በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙ። ሌላው እግሩ ሥር ተቀምጦ ጉልበቱን አቀፈ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ስሙን የማያውቁትን ሰው «ልጄ፣ ልጄ» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። ቅድም «ጅብ» ያሉት እነዚያው ናቸው። ለቀስተኛን አይቶ የሚያልፍ ሰው በወረቀት ሰፈር ገና አልተገኘም።

«በሠራተኛ ላይ እጅ አርፏል» አለች እቴጌ። ጣራዋ ላይ ያለው የመትረየሷ ክዳን ሲከፈት ጓ አለ።

ያን ድምፅ ሰፈሩ ያውቀዋል። ሕፃናቱ ሮጡ። ናሆምን የያዙት ግን ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ አልለቀቁትም፤ ቢለቁት ተመልሶ ብረቱ ላይ ይሄዳል።

«ኬብሮን! እየገደሉት አይደለም፣ ይዘውት ነው! ራሱን እንዳይጎዳ ነው የያዙት!»

«የማየው ክንዱን ጠምዝዘው መሬት ላይ ሲያወርዱት ነው።»

«ልቅሶ ነው! ልቅሶ አይተህ አታውቅም?»

ምናልባት ኬብሮን አይቶ አያውቅም ይሆናል።

ሔመን አንድ ነገር ታውቃለች፣ እያንዳንዱ ጥበቃ የሚያውቀውን፤ እቴጌ ሆዷ ክፍት ሆኖ አትተኩስም። በሩ ከተከፈተ መጀመሪያ ገንዘቧን ታድናለች፤ ዘግታ ትሸሻለች። ከወንበሩ ሥር ቀይ የአደጋ እጀታ አለ። በሥልጠናው ላይ ያሳዩአቸው እንዲነኩት አልነበረም። መንገድ ላይ እጀታውን የሳበ ሰው ከሌባ እኩል ነው፤ ሒሳቡ በዚያው ቅጽበት ይዘጋል፣ ቤቱም፣ ሕክምናውም፣ የአውቶቡሱም ወንበር ከሒሳቡ ጋር ይሄዳል። እጀታው ሔመንን ከዚህ ሰፈር ሰዎች አንዷ የሚያደርግ እጀታ ነው።

ሳበችው።

ብርሃን ገባ፣ አቧራ ገባ፣ የሰው ጩኸት ገባ። ሔመን ዘላ ወረደች። ከኋላዋ በሩ ተዘጋ፣ ጣራው ላይ ያለው ክዳን ተከደነ፣ እቴጌ ማንንም ሳትጠብቅ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ሰደሪያዋ ደረቷ ላይ ሆኖ፣ በዚያው ለሁሉ አንድ በሆነ ድምፅ፣ «ሒሳብዎ ተዘግቷል» አላት።

ናሆምን መሬት ላይ አስቀምጠውታል፣ መዲና ራሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ በሻርፗ ጫፍ ደሙን ትጠርጋለች። ሔመን ልትቀርብ አንድ እርምጃ ስትራመድ መዲና ቀና አለች።

«አንቺ ነሽ በዚያ ጩኸት የነገርሽው?»

«አዎ።»

«መርዶ በድምፅ ማጉያ ይነገራል? መንገድ ላይ? ሰው የለሽም አንቺ? ያሳደገሽ የለም?»

«እንዳይገድሉት ብዬ ነው።»

«ማን እንዳይገድለው?»

«እናንተ» አለች ሔመን።

የመዲና እጅ ናሆም ግንባር ላይ ቆመ። ከዚያ ፊቷ ተመልሶ ጠነከረ፣ ከበፊቱም ባሰ፤ እውነት ሲነግሩት የሚለሰልስ ሰው ጥቂት ነው።

«ብንገድለው ይሻለው ነበር» አለች።

ናሆም ዓይኑን ገለጠ። ሔመንን ሲያይ አላወቃትም፣ ቆይቶ አወቃት።

«ጠዋት ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ አሳቅሽኝ? እየዘፈንኩ አየሽኝ?»

«ጋሽ ሙባረክ ነገ ሊያረዱህ ነበር። አደራ ብለውኝ ነው፤ ልደብቅልህ ነበር፣ ናሆም።»

«ታዲያ ምነው አልደበቅሽ!» አለ ድንገት እየጮኸ፣ የያዙት ሰዎች እንደገና አጠበቁት። «ምነው ትተሽኝ በሄድሽ!» ጩኸቱ ወደ ልቅሶ ተሰበረ። ልቅሶው ትንሽ ሲበርድለት ሰው ሁሉ በመርዶ የሚጠይቀውን ጠየቀ፤ «እንዴት ሆና ሞተች? አሟት ነበር? ስቃይ ነበረባት?»

ሰፈሩ ሁሉ ወደ ሔመን ዞረ። አሮጊቷም ማልቀሳቸውን ገቱ። ጋሽ ሙባረክ ይህን ለመመለስ ነው ሌሊቱን ወረኢሉ ሲደውሉ ያደሩት፤ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ ምን ብለው እንደተናዘዙ፣ ማንን እንደመረቁ ሁሉን ጠይቀው ይዘዋል። ለሔመን የሰጧት ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

«ስሜን ጠራች?» አለ ናሆም። «ሔመን፣ ስሜን አልጠራችም?»

ሔመን አንድ ጊዜ መዋሸት አማራት። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዛሬ የደበቀችው ሁሉ ፊቷ ላይ ተነብቧል፣ ፊቷን አላመነችውም።

«አላውቅም» አለች።

ናሆም ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ መዲና ትከሻ መለሰ። መዲና እጇን ዘርግታ፣ ውሻ እንደሚያባርር ሰው፣ ሔመንን ወደ ኋላ ገፋቻት። ሰዉ በመካከላቸው ገባ፣ ክቡን አጠበበ፣ ጀርባውን ሰጣት። ሔመን ከጀርባዎቹ ኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ልቅሶው ሲጀመር ድምፅ አውጥታ አብራ አለቀሰች፣ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ግን ተነስተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።